ጀርባውን አሳየኝ

ድሪቶ የድህነት ምልክት በነበረበት ከተማ መምህራችን እትዬ ድሪቷቸውን ደብቀውት አያውቁም። ቤታቸው የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በሳሎኑ ጥግ ያለውን አልጋ ነው፤ አልጋው ላይ ደግሞ ከስንትና ስንት ቁርጥራጭ የተሰፋ ልብስ ተነጥፏል። ሌላ ቤት እንግዳ ሲመጣ ከሻንጣ የሚወጣው ከውጭ አገር የመጣ ባለ አበባ ብርድ ልብስ ነበር። እትዬ ቤት ከድሪቶዎቹ የተሻለው ይወጣል። «መምህር ሆነው ምን አጥተው ነው?» የሚል ጎረቤት አልጠፋም። የሚታጣ ነገርማ ነበር። ያኔ በደርግ ዘመን ከመምህራን ማሠልጠኛ ለሚወጣ አስተማሪ በወር የሚከፈለው 230 ብር ነው፤ ከዚያው ላይ የእናት አገር ጥሪ ይቆረጣል፣ የቀበሌ መዋጮ ይቆረጣል። ነገር ግን እትዬ የሚሰፉት ብርድ ልብስ መግዣ አጥተው አልነበረም። ጨርቅ ሲጣል ማየት አይወዱም፤ ከዚያም በላይ መስፋት ይወዳሉ።

ስማቸውን ጨምረን ጠርተናቸው አናውቅም። በትምህርት ቤቱ ሌሎችም ሴት አስተማሪዎች ነበሩ፤ እነሱ «ቲቸር» ናቸው። እሳቸው እትዬ ብቻ። «እትዬ መጡ!» ከተባለ የትኛዋ እትዬ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ኳሱም ይቆማል፣ ጫጫታውም ይቆማል። የተወለዱት ደብረ ማርቆስ ነው። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩና በሲንገሩ ሥር ቁጭ ብለው፣ ከመኪናው የሚወድቀውን ብጥስጣሽ እየለቀሙ አሻንጉሊት ሲያለብሱ አደጉ። ደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ተምረው ሲወጡ መጀመሪያ ገጠር፣ ቀጥሎ ዳንግላ፣ በመጨረሻም ባሕር ዳር ተመደቡ። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላሉም።

ባሕር ዳር ያኔ የክልል ርእሰ ከተማ አልነበረችም። የጎጃም ክፍለ ሀገር መቀመጫ ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሹም የሚፈልግ ወደዚያ ይሄዳል። ባሕር ዳር የፋብሪካና የተማሪ ከተማ ነበረች። ሶቪየቶች የሠሩት ፖሊ (ፖሊ ቴክኒክ) አለ፣ መምህራን የሚሠለጥኑበት ፔዳ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጨርቃ ጨርቁ አለ። ጨርቃ ጨርቁ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተተከለ ነው። ፈረቃ ሲለወጥ ዘንባባ የተሰለፈበት መንገድ በብስክሌት ይሞላና የቃጭሉ ድምፅ ክፍል ድረስ ይሰማናል። የክፍላችን ስንቱ ልጅ አባቱ ወይም እናቱ እዚያ ይሠራሉ።

ጨርቅ በሚሠራበት ከተማ ጨርቅ ሊቸግር አይገባም ነበር፤ ግን ቸገረ። የፋብሪካው ምርት ለአገሩ ሁሉ ይከፋፈላል፤ ለቀበሌው የኅብረት ሱቅ የሚደርሰው በኮታ ነው። ለበዓል አቡጀዲ ሊሸጥ ነው ከተባለ ሰልፉ ከንጋት ይጀምራል። ስለዚህ ቁርጥራጭም ዋጋ ነበረው። እትዬ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው፣ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ መኪናቸውን ደርድረው የሚሰፉትን ልብስ ሰፊዎች በየተራ ይጎበኛሉ። «እትዬ፣ ዛሬ ከፋይ አስቀምጬልዎታለሁ» ይላል አንዱ። «የሙሽራ ሳቲን ተርፎኛል» ይላል ሌላው። በነፃ ግን አይወስዱም። ማመልከቻ ያለው ሰው ማመልከቻውን ይጽፉለታል፤ ደብዳቤ የደረሰው ደብዳቤውን ያነቡለታል፤ ከቀበሌ ጋር የተጣላም ምክር ይጠይቃቸዋል። ልብስ ሰፊዎቹ ጨርቁን ሲሰጧቸው ውለታ እየከፈሉ እንጂ ምጽዋት እየሰጡ አልነበረም። ይህን ሁለቱም ወገን ያውቃል።

ቤት ሲደርሱ ቁርጥራጩ ይለያል። ፖፕሊኑ ከፖፕሊን፣ ካኪው ከካኪ፣ ናይለንና ቴትረን ለብቻቸው። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ናይለን አይሰበሰብም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የሰፋ ሰው ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ የተጣመመ ድሪቶ ይታቀፋል። ከዚያ በካርቶን ልክ እየቆረጡ አራት ማዕዘን ያደርጉታል፣ በመስመር በመስመር ይገጣጥሙታል፣ ከሥሩ ያረጀ ጋቢ ወይም የሳሳ ቡሉኮ ያስገባሉ፣ ጀርባውን አቡጀዲ ገበር ያለብሱታል። በመጨረሻ ሦስቱን ድርብ በእጅ እየወጉ ያያይዙታል። ክረምቱን የሚፈጀው ይኼኛው ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ፣ በር ተከፍቶ፣ እትዬ ብርሃን ወዳለበት ዞረው ሲሰፉ ያላየ የሰፈር ልጅ አልነበረም።

የእጅ ሥራ የሚባል ክፍለ ጊዜ ነበረን። በሌላው ትምህርት ቤት ሴቶቹ ይጠልፋሉ፣ ወንዶቹ ሰሌን ይታታሉ ወይም ጓሮ ይቆፍራሉ። እትዬ ግን ሁላችንንም መርፌ አስያዙን። ወሬው ቤት ሲደርስ እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች።

«እትዬ፣ ወንድ ልጄን መርፌ ያስይዙታል አሉኝ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። እታለም፣ ይኼን የለበስሽውን ቀሚስ ማን ሰፋልሽ?»

«ያ ገበያ ዳር ያለው ሰውዬ።»

«ነጠላውንስ ማን ሸመነው?»

እናቴ መልስ አልነበራትም። ሸማኔውም ወንድ ነው፣ ካባ የሚጠልፈውም ወንድ ነው፣ ከተማው በሙሉ የለበሰው ወንድ የሰፋውን ነው። ቤት ስትገባ ግን ለአባቴ የነገረችው ሌላ ነገር ነበር። «ልጁ ጎበዝ ነው ብለውኛል» አለችው። እንዲህ ያለ ነገር ከእትዬ አፍ እንዳልወጣ እኔ አውቃለሁ።

ምስጋና ከእሳቸው ማግኘት ከባድ ነበር። ስፌትህን ይዘህ ስትቀርብ ፊቱን አያዩትም። «ጀርባውን አሳየኝ» ይላሉ። ጨርቁን በሁለት እጃቸው ይዘው ይገለብጡታል፣ ወደ መስኮቱ ያስጠጉታል፣ አውራ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ ቀስ አድርገው ይነዱታል። ፊቱ አምሮ ጀርባው ላይ ቋጠሮ ከተገኘ፣ ክሩ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ዘሎ ከሆነ፣ ወይም አጭር ክር ላይ አጭር ክር ተቀጥሎ ከሆነ፣ አንገታቸው ላይ በክር የተንጠለጠለችው ትንሽ መቀስ ትነሣለች። መስመሩን በሙሉ ይፈቱታል። አይቆጡም፣ አይሰድቡም። «ድገመው» ብቻ። ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቁጣ ያልፋል፤ የተፈታ ስፌት ግን እጅህ ላይ ይቀራል።

ሒሳብም እንዲሁ ነበር። ደብተራችንን ሲሰበስቡ መጀመሪያ የሚከፍቱት የመጨረሻውን ገጽ ነው፤ እኛ በችኮላ እየደመርንና እየሰረዝን የምንሞነጫጭርበትን። መልሱ ትክክል ሆኖ መንገዱ ካልተገኘ ሙሉ ማርክ የለም። መልሱ ተሳስቶ መንገዱ ቀና ከሆነ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ይሰጣሉ። በዚህ የተነሳ ሁልጊዜ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ወላጆች ለዳይሬክተሩ አቤት ብለው ነበር። ልጁ በቃሉ አስቦ ይመልሳል፤ የሚጽፈው መንገድ የለውም። እኔ እስከ ዛሬ ያ ልጅ ተበድሏል ባይ ነኝ። በጭንቅላቱ የሚያሰላ ልጅ ኩረጃ የለመደው የሚቀጣውን ቅጣት ሊቀጣ አይገባም ነበር። እትዬ ግን አልተመለሱም። ልጁም ኋላ ላይ መሐንዲስ ሆነና ለእሳቸው ከሁላችንም በላይ የሚደውለው እሱ ሆኖ አረፈው።

አይመቱም ነበር ብል እዋሻለሁ። አንድ ሜትር የእንጨት ማስመሪያ ነበራቸው፤ ለጨርቅም ለመዳፍም ያገለግላል። በአንድ ክፍል ሰባ ሰማንያ ልጅ ይቀመጣል፤ ወንበር ያልበቃው መስኮት ላይ ነው። ስለ ድሮ መምህር ሲወራ ሁሉ ነገር ማርና ወተት የሚሆንላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ እንኳ ያንን ማስመሪያ አልናፍቅም። የምናፍቀው ሌላ ነገር ነው። እትዬ ቤታችንን ያውቁ ነበር። ያውም ሳሎኑን አይደለም። ወላጅ ለመጠየቅ ሲመጡ ሳሎን ቁጭ በሉ ቢባሉ እሺ አይሉም፤ «እዚያ ለምን ብቻዬን፣ እናንተ ያላችሁበት ልምጣ» ብለው ቀጥ ብለው ጓዳ ይገባሉ። ሳሎን ሁሉም ቤት አንድ ነው፤ ፎቶ፣ ቡፌ፣ ዳንቴል። ጓዳ ግን አይዋሽም። ምድጃው ከትናንት ጀምሮ እሳት አላየ እንደሆነ፣ እንስራው ባዶ እንደሆነ፣ የተኛ በሽተኛ እንዳለ አንዴ ዞር ብለው ያያሉ። ምንም አይሉም። በማግስቱ ያ ልጅ በምሳ ሰዓት «ሂድና ከቤት መነጽሬን አምጣልኝ» ይባላል። መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነው። ልጁ ሲሄድ የእትዬ እህት ማዕድ አቅርበው ይጠብቁታል። ለመነጽር ያልተላከ የድሃ ልጅ በክፍላችን አልነበረም፤ ግን ማንም በማንም ላይ አልሳቀም፤ መላኩ ክብር ይመስለን ነበርና።

በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ማታ ማታ እናቶችን የሚያስተምሩት እሳቸው ሆኑ። አገሩ ሁሉ ያን ጊዜ ተማሪ ሆኖ ነበር፤ ትምህርቱ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። እናቴም ገባች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እርሳሱን በጡጫዋ ጨብጣ ወረቀቱን ትቀድደዋለች። እትዬ ከኋላዋ ቆመው፣ «እታለም፣ መርፌ እንዲህ ትጨብጫለሽ? እርሳስም እንደ መርፌ ነው፤ ላላ አድርጊው» አሏት። ከዚያ በኋላ «ሀ» ወጣላት። የተሰጣት የምስክር ወረቀት በመስታወት ገብቶ ከማርያም ሥዕል ጎን ተሰቀለ። እናቴ በስሟ መፈረም ከቻለች በኋላ የጣት አሻራ የሚጠይቃትን ጸሐፊ ሁሉ እንደ ጠላት ታይ ነበር።

ከዓመቱ ሁሉ እትዬ የሚጨነቁለት ቀን የወላጆች በዓል ነበር። ሰኔ ላይ፣ ካርድ ከመሰጠቱ በፊት፣ የተማሪው የእጅ ሥራ በየክፍሉ ይሰቀላል፤ ትራስ ልብስ፣ መሶብ፣ ከሸንበቆ የተሠራ ታንኳ። አንድ ዓመት ልጆቹ በጋራ የሰፉት ትልቅ ድሪቶ ከሰሌዳው ላይ ተሰቀለ። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ከታወጀ በኋላ ነው፤ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ገብቻለሁ፣ ግን ያ በዓል አይቀርብንም። ወላጆች ሲገቡ መጀመሪያ ሳቁ። «ልጆቻችንን ድሪቶ ነው የሚያስተምሯቸው?» አለ አንዱ ጮክ ብሎ። እትዬ ምንም አልመለሱም። ከመሐል አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ እናት ወጣች። ልጇ ለውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር፤ ከዚያም መርዶው መጣ። ሸሚዙን መጣል አቅቷት፣ ማየትም አቅቷት፣ ለእትዬ ሰጥታቸው ነበር። ሰማያዊ ባለ መስመር ሸሚዝ ነው። በድሪቶው ላይ አራት ቦታ ገብቷል። ሴትዮዋ አራቱንም በጣቷ ነካካችና «ኪሱ የታለ?» አለች። እትዬ ወደ ታችኛው ጥግ አሳዩዋት፤ ኪሱ ከነአዝራሩ ሳይፈታ ተሰፍቷል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ክፍል የሳቀ የለም። በዓሉ ሲያልቅ ድሪቶው ከነልጆቹ ስፌት ወደ እሷ ቤት ሄደ። ትምህርት ቤቱ ንብረቴ ነው አላለም፤ ቢልም እትዬ የሚሰሙ አይመስለኝም።

ሌላም አለ። የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በመስከረም 1977 ሲከበር አገሩ በቀይ ጨርቅ ተሸፈነ። በዚያው ወራት ወሎና ትግራይ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። ገበያ ዳር ካሉት ልብስ ሰፊዎች አንዱ የመፈክሮቹን ጠርዝ ሲዘመዝም፣ ሠዓሊው ፊደል አበላሽቶ የጣለው ቀይ ጨርቅ ይተርፈዋል። ማቃጠልም መጣልም ያስፈራል፤ ሰጪም ተቀባይም የሚጠየቅበት ዘመን ነው። እትዬ ዘንቢል ውስጥ ጎመን ከላይ አድርገው ወሰዱት። ቀለም የነካውን ወገን ወደ ውስጥ ገልብጠው ሰፉትና ገበር አለበሱት። ያ ድሪቶ በሳሎን አልጋ ላይ ዓመታት ተነጥፎ የቀበሌው ሊቀ መንበር ራሱ ሲመጣ እላዩ ላይ ይቀመጥበት ነበር።

በ1983 መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ገበሩ ሳሳና ሊቀይሩት ፈቱት። ለእረፍት መጥቼ ስለነበር ክሩን በመፍታት አገዝኳቸው። አቡጀዲው ሲነሣ ቀዩ ቁራጭ ሁሉ ፊደል ነው። አንዱ ላይ «ወደፊ» ይላል፣ «ት» ሌላ ረድፍ ውስጥ ገብታለች። አንዱ ላይ «ቆራ» ብሎ ይቆማል። የአገሪቱ መሪ የጓድ ሊቀ መንበሩ «ቆራጥ አመራር» መሆኑ ነው፤ መፈክሩን በየግድግዳው አንብበን ስላደግን ለመሙላት አልተቸገርንም። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪፈስ ድረስ ሳቁ። «ቆራጡንም እኔ ቆረጥኩት!» አሉ። እሳቸው እንዲያ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። እህታቸው ከጓዳ ሆነው «ቀስ በሉ፣ ሰው ይሰማል» አሏቸው፤ ማን እንደሚሰማና ቢሰማስ ምን እንደሚያመጣ ግን ያኔ ለእህታቸውም ግልጽ አልነበረም፤ ልማድ ሆኖባቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ደበዘዘ። በ1986 አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ሲመጣ የእጅ ሥራው ክፍለ ጊዜ እንደ ድሮው አልቀጠለም። ገበያ ዳር የነበሩት ልብስ ሰፊዎችም አነሱ። ሰልባጅ በክምር መጣ፤ ተዘጋጅቶ የተሰፋ ልብስ ከቻይና መጣ፤ ሰው ልኬት ተለክቶ ማሰፋቱን ለሠርግና ለሐበሻ ልብስ ብቻ ተወው። ልብስ የማይሰፋበት ገበያ ቁርጥራጭ አይተርፈውም። እትዬ ጡረታ ከወጡ በኋላ ዘንቢላቸውን ይዘው አንዳንዴ ይወጡና ባዶውን ይመለሱ ነበር። ሰልባጅ ገዝተው ለመቁረጥ እጃቸው እምቢ አለ፤ ሙሉ ልብስ መቅደድ ነውር ነው ይላሉ። ብርድ ልብስ ደግሞ ርካሽ ሆነ፤ ነብርና ጽጌረዳ የታተመበት ለስላሳው ዓይነት በየቤቱ ገባ። ለእውነቱ ከሆነ ይሞቃል፤ ድሪቶ ከባድ ነው፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ክረምት ላይ አንዴ ካጠቡት ሳምንት ውሃ ይዞ ይቆያል። ሰው ትቶት የሄደው በስንፍና አይደለም።

ዓይናቸው ከደከመ በኋላም መስፋቱን አላቆሙም። ችግሩ ክር መሰካት ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄዱ የሰፈር ልጆች በበራቸው ሲያልፉ ይጠሯቸውና ለቀኑ የሚበቃ መርፌ ሁሉ ክር ይሰኩላቸዋል፤ መርፌዎቹ በየክራቸው ትራሱ ላይ ተሰክተው ይደረደራሉ። ልጆቹ ሲመለሱ ያለቀውን እንደገና ይሰካሉ፤ በዚያውም የዕለቱን ደብተር ያሳያሉ፤ የመጨረሻውን ገጽ። የማሳያው ዋጋ አንዳንዴ ቆሎ ነው፣ አንዳንዴ ከረሜላ።

ባረፉ በአርባኛው ቀን ተዝካር ሲወጣ የድሮ ተማሪ ከየቦታው መጣ። ሾፌር የሆነ አለ፣ ፔዳ ገብቶ አስተማሪ የሆነ አለ፣ መሐንዲሱ አለ። ልጃቸው ከቨርጂኒያ መጥታ ነበር። ከሳጥን የወጡትን ድሪቶዎች ፀሐይ እንዲመታቸው ብላ በግቢው ገመድ ላይ ብትሰቅላቸው፣ ሰው ሁሉ ከድንኳኑ ወጥቶ ዙሪያቸውን ከበበ። የሰፈሩ ሽማግሌ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ሁሉም አጎንብሶ ያደገበትን ልብስ ይፈልጋል። አንዷ የመጀመሪያ ዓመት ዩኒፎርሟን አገኘች። አንዱ የእናቱን የበዓል ቀሚስ አገኘና ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣ።

ጠቡ የተነሳው በካኪው ላይ ነው። መሐል ላይ ያለችውን አንዲት ቁራጭ ሾፌሩ «ይቺ የስድስተኛ ክፍል ቁምጣዬ ናት» አለ። መሐንዲሱ «አንተ መቼ ካኪ ለበስክና? የኔ ናት» አለው። ወጡ ቀረበ፣ እነሱ አልተቀመጡም። ሦስተኛ ሰው ደግሞ የወንድሙ የዘመቻ ሱሪ እንደሆነ ምሎ ተናገረ። ልጃቸው ብትጠየቅ «እማዬ ማን እንደሰጣት ጽፋ አታስቀምጥም፤ ስትጠየቅ ግን ሁሉንም ታውቅ ነበር» አለች። ጠላው እስኪያልቅ አልተስማሙም። ክርክሩ አሁንም በቴሌግራም ቡድናችን አለ። በቅርቡ ሾፌሩ የክፍላችንን ፎቶ ከአንድ ቦታ አግኝቶ ለጠፈልን፤ ቁምጣ ለብሶ ከፊት ረድፍ ቆሟል። መሐንዲሱ ግን አልተቀበለውም፤ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ካኪ ይሁን ሰማያዊ አይለይም።